ከግድግዳ እስከ ግድግዳ

ጉንጯን ከወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ወለል ጋር አጣብቃ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ ከሲንኩ ሥር ወዳለው ቁም ሳጥን ከትታለች። የሜትሩ ብረት በጨለማው ውስጥ እየተንሸራተተ ሄዶ አንድ ጠንካራ ነገር ሲነካ ቆመ። ቁጥሩን ለማየት አንገቷን ማዞር ነበረባት፤ አንገቷ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አልታዘዝ ብሏታል።

«ሙሽራዬ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉ አማቷ ከበስተኋላዋ።

«ምንም አልጠፋብኝም። እየለካሁ ነው።»

«እኔን እዚያ ልትከቺኝ ነው እንዴ?»

«እርስዎን አይበቃዎትም። ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።»

«ምን ቀረኝ ብለሽ ነው። አጣጥፈሽ ብትከቺኝ ይበቃኛል።»

ከወለሉ መጀመሪያ በክርኗ፣ ቀጥሎ በጉልበቷ፣ በመጨረሻ የሲንኩን ጠርዝ ይዛ ተነሣች። ቁጥሩን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። አሮጊቷ ጠረጴዛው አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አለ። ሁልጊዜም ግማሽ ነው። «ልሙላልዎት?» ስትላቸው «ግማሹ ይበቃኛል፤ እኔ ግመል አይደለሁ» ይላሉ።

ሙሽራዬ የሚሏት ወደ ቤታቸው ከገባችበት ቀን ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ ፀጉሯ ላይ አንድ ሽበት አልነበረም። ዛሬ ጎረቤት ሲሰማ ይስቃል። ሙሽራ ያሰኛት ሰው ካለፈ ሁለተኛ ዓመቱ እየተገባደደ ነው፤ አሮጊቷ ግን ስሙን አልለወጡም፣ እሷም ለውጡልኝ አላለችም።

ከሲንኩ በላይ ያለው ግድግዳ ግማሹ ሴራሚክ ነው። ነጫጮቹ ሴራሚኮች ከበሩ በኩል ተነሥተው፣ ረድፍ በረድፍ ወደ መስኮቱ ሲገሠግሡ ቆይተው፣ ሳይደርሱ ያቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ግራጫ ሲሚንቶ ነው። አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ማጣበቂያው እንደተበጠረ ፀጉር መስመር መስመር ሠርቶ፣ የሚለጠፍበትን እንደጠበቀ ደርቋል። ሁለቱ ሴቶች በየቀኑ ፊታቸውን ወደዚህ ግድግዳ አዙረው ዕቃ ያጥባሉ፤ ድስት ይጥዳሉ። ስለ እሱ ግን አንሥተው አያውቁም። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይስተናገዳል።

«ቶሎ እመለሳለሁ» አለች፣ ከቧንቧው በትንሽ ጠርሙስ ውሃ እየቀዳች። «ዛሬ ይሄን ማጣሪያ ገዝቼ ነው የምመጣው። መብራት ከጠፋ ሻማው መሳቢያው ውስጥ ነው።»

«መብራት ጠፋ አልጠፋ እኔ ምን ላነብ ነው? ሂጂ ይልቅ። ደግሞ ውድ ከሆነ ተይው።»

የሰፈሩ ውሃ ከጉድጓድ የሚሳብ ነው። ሳሙና አረፋ አያወጣበትም፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ቁልፍ የመላስ ያህል ነው። ጤነኛ ሰው ይለምደዋል። ሐኪሙ ግን የአሮጊቷን የምርመራ ውጤት አይቶ ምራቲቱን ብቻዋን አስቀርቷት ነበር። «እናታችን ኩላሊታቸው እየደከመ ነው። ውሃ አይጠጡም መሰለኝ። ብዙ ይጠጡ፤ ይሄን የጉድጓዱን ግን አይደለም። በዚሁ ከቀጠሉ ደም ወደሚያጥበው ማሽን መሄዳችን ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ለማንም አልመክርም።»

ከዚያ ወዲህ የታሸገ ውሃ ትገዛለች። ሃያ ሊትሩን ከታች ከሱቁ እስከ አራተኛ ፎቅ የምትሸከመው ራሷ ናት። ሊፍቱ ፕላኑ ላይ እንጂ ሕንጻው ላይ አልደረሰም። በየፎቁ አሳርፋ፣ ወገቧን ይዛ፣ ሰው ሲያልፍ ስልክ የምትነካካ መስላ ትቆማለች። ድሮ ከባድ ነገር መሸከም የባሏ ሥራ ነበር። እያፏጨ ነበር የሚወጣው፤ ፉጨቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲቋረጥ ትንፋሽ እንዳጠረው ታውቃለች፣ በሩን ቀድማ ትከፍታለች።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ስትገባ፣ አሮጊቷ በብርጭቆ ቀድታላቸው የሄደችውን ውሃ ወደ ጀሪካኑ ሲመልሱ አየቻቸው። ቀስ ብለው፣ ጠብታ እንዳይባክን የብርጭቆውን አፍ በጣታቸው ደግፈው። ሳያዩአት በሩን መልሳ ዘጋች። ደረጃው ላይ ጥቂት ቆይታ ቁልፏን እያንቃጨለች እንደ አዲስ ገባች። አሮጊቷ ባዶውን ብርጭቆ ከፍ አድርገው አሳዩአትና «ጠጣሁልሽ» አሉ። «እሰይ» አለች እሷም። ጀሪካኑ ቀስ ብሎ እንዲያልቅ፣ ምራታቸው ደረጃውን በየቀኑ እንዳትወጣው ብለው እንደሆነ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ሁለቱ ሴቶች ውሃ ቀጠነ ብለው ተጣልተው አያውቁም፤ በውሃው ግን እንዲህ ይዋሻሉ።

ሱቁ ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ቧንቧና ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ማጣሪያዎቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። ረጃጅም ነጫጭ ሲሊንደሮች፣ ጎን ለጎን፣ ተራ እንደሚጠብቁ ሕመምተኞች። ባለሱቋ ከባንኮኒው ኋላ በሁለት ትራስ ላይ የተቀመጠች ሰፊ ሴት ናት። እግሯን ያማታል መሰለኝ ብላ አሰበች ምራቲቱ፤ ደንበኛ ሲገባ አልተነሣችም።

«እህቴ፣ ውሃውን ይዘሽው መጣሽ? ብልህ ነሽ። ሰው ሁሉ ወሬውን ነው ይዞ የሚመጣው።»

ባለሱቋ ከመሳቢያዋ እስክሪብቶ የምታክል መሣሪያ አውጥታ ጠርሙሱ ውስጥ ነከረች። መሣሪያዋ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን የምትለካ ናት። ቁጥሩ ወጣ ወጣና ቆመ። ባለሱቋ ቅንድቧን ሰቀለች።

«ይህን ማነው የሚጠጣው?»

«አማቴ። ማለት፣ አሁን አይጠጡትም።»

«እንዳይጠጡትም። ለዚህ ተራው የከሰል ማጣሪያ አይሆንሽም። ከሰል ሽታ ይወስዳል እንጂ ጨው አይነካም። የሚያስፈልግሽ ይሄ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሉት ነው፤ ውሃውን በጣም ስስ በሆነ ወንፊት በግፊት ያሳልፈዋል፤ ጨው ወዲያ ይቀራል። አንድ ነገሩን ግን ቀድሜ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትረግሚኝ። አንድ እጅ ለመጠጥ ሲያወጣ ሦስት እጅ ይደፋል። እንደ ዘመድ ነው፤ አንዱን ቁም ነገር ለመስማት ሦስት ወሬ ታዳምጫለሽ።»

«የሚደፋውን ለወለል እንጠቀምበታለን።»

«እሱ ነው ቁም ነገሩ።»

ስለ ማጣሪያዎቹ ለሳምንታት ስታነብ ነበር የቆየችው። ባለ አምስት ደረጃ፣ ባለ ሰባት ደረጃ፣ ማዕድን የሚመልስ፣ በብርሃን ጀርም የሚገድል። ባነበበች ቁጥር ይበልጥ ደከማት። እሱ ቢኖር እንዲህ ያለውን ነገር እሱ ያነብና እሷ ትመርጥ ነበር። አሁን ማንበቡም መምረጡም ለአንድ ራስ ሆነ። ይህን ስትነግራት ባለሱቋ ሁሉንም በእጇ ጠረገችው።

«ከአምስቱ በላይ ያለው ለወሬ ነው። ያንቺ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ባለ ታንኩ ወይስ ቀጭኑ። ባለ ታንኩ ያጣራውን በዚህች ድንብልብል ታንክ ያጠራቅማል። ቀጭኑ ታንክ የለውም፤ በከፈትሽው ቁጥር በሞተር እያጣራ ይሰጥሻል፤ አዲስ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። ከሲንኩ ሥር ስንት ቦታ አለሽ?»

«ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር» አለች መዳፏን አይታ።

«ወርዱ? እንዴት ያለ ሲንክ ነው ባክሽ? አሳይኝ እስቲ።»

ባለሱቋ የካርቶን ቁራጭና እርሳስ ገፋችላት። መሣል እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ እጇ ራሱ ያውቃል። መተዳደሪያዋ የቤት ፕላን መንደፍ ነው። በአንድ የሕንጻ ንድፍ ቢሮ ውስጥ፣ የሌሎችን ወጥ ቤትና የሌሎችን መኝታ ቤት ስትለካና ስትሥል ፀጉሯ ሸብቷል። የቀኙን ግድግዳ በሁለት ወፍራም መስመር አወረደች። የኋላውን አዞረች። ከቀኙ ሃያ ሦስት ቆጥራ የግራውን አቆመች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ቁም ሳጥኑ ጠርዝ ያለውን፣ እንደ ልማዷ፣ በሰያፍ መስመሮች ሞላችው። ፕላን ላይ እንደዚያ በሰያፍ የሚሞላው ግድግዳ ነው።

ባለሱቋ ካርቶኑን ወደ ራሷ አዞረችው። «ይሄ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የወፈረው? ኮለን ነው?»

እርሳሱ በእጇ እንዳለ ሥዕሉን ተመለከተችው። ቁም ሳጥኑ ሰባ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሲሠራ አናጺው ላይ የቆመችው ራሷ ናት። በዚያ በኩል ሕንጻውን የሚሸከም ኮለን የለም። በዚያ በኩል ግድግዳው እንደማንም ግድግዳ ቀጭን ነው። በዚያ በኩል ያሉት፣ ተደርድረው የቆሙት፣ እሱ ለጥፎ ያልጨረሳቸው ሴራሚኮች ናቸው።

ቢሮ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ሽማግሌው ኢንጂነር ሜትሩን በእጇ እያስያዙ ያስተማሯት አንድ ነገር ነበር፦ «ዕቃ ይነሣል፣ ግድግዳ ይቆማል። አንቺ የሚቆመውን ለኪ።» ይህንኑ እሷም ከእሷ በኋላ ለመጡት ሁሉ ብላለች። አንድ ወጣት መጻሕፍት መደርደሪያ እንደ ግድግዳ ቆጥሮ ለክቶ ሲመጣ፣ ቢሮው በሙሉ ለወር ያህል «መደርደሪያው» እያለ ጠርቶታል፤ እሷም ከሳቁት ውስጥ ነበረች። ዛሬ ጠዋት ግን የሜትሩ ጫፍ አንድ ጠንካራ ነገር ሲነካ፣ ያ ነገር ምን እንደሆነ ክንዷም ጣቷም አላወቁትም፤ ወይም አውቀውት ዝም አሏት።

«አዎ» አለች። «ኮለን ነው።»

«እንግዲያ ቀጭኑን ውሰጂ፤ ሌላ ምን ምርጫ አለሽ።» ባለሱቋ ተነሣችና፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ሁለቱም ማጣሪያዎች እዚያ ከቧንቧ ጋር ተገጥመው፣ ከሥራቸው ባልዲ ተቀምጧል። «ባልሽ ነው የሚገጥመው ወይስ ወንድሜን ልላክልሽ? ባሎች ‹እኔ እገጥመዋለሁ› ይሉና ቤቱን በጎርፍ ያስወስዱታል፤ ከዚያ ወንድሜ ይጠራል። ወይስ ባልሽ መጀመሪያ መጥቶ ያየዋል?»

«አይመጣም» አለች። ውሸት አልነበረም።

ባለሱቋ ከቀጭኑ ቧንቧ ሥር ብርጭቆ ደገነች። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ። ብርጭቆው ግማሽ ሲሆን ጣራው ላይ ያለው መብራት ጠፋ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተነፈሰና ዝም አለ። የውሃው ገመድ ቀጠነ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ቆመ። በአጠገቡ ግን የባለ ታንኩ ቧንቧ፣ ቀደም ሲል አንድ ደንበኛ ቀምሶ በደንብ ሳይዘጋው ሄዶ ኖሮ፣ ምንም እንዳልሰማ ባልዲው ውስጥ መንጠባጠቡን ቀጠለ።

«ይኸው» አለች ባለሱቋ። «አሁን ይሄን ሸፋፍኜ ብሸጥልሽ እግዜር አይወደውም። ቀጭኑ ያለ መብራት አይሠራም። ባለ ታንኩ ግን አንዴ ከሞላ የውስጡ አየር ራሱ ይገፋዋል። ሰፈራችሁ መብራት እንዴት ነው?»

«ቀን ቀን ይጠፋል።»

«ቀን ቤት ማን ይውላል?»

ምራቲቱ ባለሱቋ የያዘችውን ግማሽ ብርጭቆ አየችው። ጠረጴዛው ላይ ትታው የመጣችው ብርጭቆ ታያት። አሮጊቷ ብቻቸውን፣ መብራት በሌለበት ወጥ ቤት ውስጥ፣ የማይሠራ ቧንቧ ከፍተው፣ «እንዲያውም አልጠማኝም» ብለው ለራሳቸው ሲናገሩ ታያት። ደም የሚያጥበው ማሽንም ታያት፤ በምርመራው ቀን በሩ ተከፍቶ ሳለ ያየችው፣ ሰዎች ክንዳቸውን አውጥተው ጣራ ጣራ እያዩ የተጋደሙበት ክፍል።

«የታንኩ ወርዱ ስንት ነው?»

«ከነማጣሪያው አርባ አምስት በለው። ግን ያንቺ ኮለን—»

«ይነሣል።»

ባለሱቋ ሳቀች። «እህቴ፣ ዕድሜዬን በቧንቧና በሲሚንቶ መሐል ነው የጨረስኩት። ኮለን ሲነሣ አይቼ አላውቅም።»

«ወንድምሽ መቼ ይመጣል?» አለች፣ ካርቶኑን ለሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።

«ከምሳ በኋላ ይድረስ?»

«ይድረስ።»

ሕንጻቸው ጋ ስትደርስ ምሳ ሰዓት ሆኗል፤ ከየቤቱ የሹካና የሳህን ድምፅ ይሰማል። ደረጃውን ባዶ እጇን ስትወጣ ከባድ የተሸከመች ያህል በየፎቁ አረፈች። ሰው አላለፈም፤ ስልኳን አላወጣችም።

አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። ቀስ ብላ አልፋ ወጥ ቤት ገባች፤ የቁም ሳጥኑን ሁለት መዝጊያ ከፈተች፤ ተንበረከከች። ስልኳን አብርታ ወደ ውስጥ አዞረችው። እዚያው ናቸው። በጠርዛቸው ቆመው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ፣ ከግራው ግድግዳ ጀምሮ እስከዚያች ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ድረስ። ከጀርባቸው የማጣበቂያው ከረጢት በከረጢቱ ቅርጽ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

እሱ ሴራሚክ ሠሪ አልነበረም። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። «የዓለምን ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚሥል ሰው አንድ ግድግዳ አያቅተውም» ብሎ ነበር የጀመረው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ መስመሩ ወደ መስኮቱ ጣት የሚያህል አዘቀዘቀ። እሷ ባለሙያ ናትና ከበሩ ላይ ቆማ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው። እሱ ዞር ሳይል «እኔ ቀጥ አድርጌ ነው የለጠፍኩት፤ ቤቱ ነው የጠመመው» አለ። እንዲህ እያለ ነበር፣ የሚቀጥለውን ሴራሚክ ጀርባውን ቀብቶ በእጁ እንደያዘ፣ «ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ» ያለው።

ከፊት ያለችውን፣ ጠዋት የሜትሩ ጫፍ የነካትን፣ ሳበች። ጀርባዋ ወደ ውጭ ነው። ማጣበቂያው ተቀብቶባት በማበጠሪያው ተበጥሮ ደርቋል። ጠርዟ አጠገብ አራት የጣት ዐሻራዎች ጠልቀው ይታያሉ። ከሌሎቹ ጋር እንዳትጣበቅ ፊቷን አዙሮ ነበር ያስቀመጣት። ደረቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እንዲያ ተጠንቅቆ።

ሴራሚኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛዋን ለመሳብ እጇን ላከች፤ እጇ ሄዶ መለስ አለ። ይሄኔ መኝታ ቤት ገብታ ብትተኛ፣ ባለሱቋ ጋ ደውላ «ተሳስቻለሁ፣ ቀጭኑን ላኪልኝ» ብትል፣ ማንም ምንም አይላትም። ጀሪካኑን እንደ ድሮው ብትሸከምም የሚጠይቃት የለም። ከድካሟ ሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ የሚጠይቃት አለመኖሩ።

«ሙሽራዬ።»

አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመዋል። የተከፈተውን ቁም ሳጥን አዩ። ጭኗ ላይ ያለውን አዩ። ከዚያ ዝቅተኛዋን ወንበራቸውን በእግራቸው እየገፉ አምጥተው፣ ከሲንኩ አጠገብ፣ እያቃሰቱ ተቀመጡ፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ ጭናቸው ላይ ዘረጉ።

«አቀብዪኝ።»

«ይከብድዎታል።»

«እሱን ተሸክሜዋለሁ» አሉ። «ይሄ ምን ይከብዳል። አቀብዪኝ።»

የመጀመሪያዋን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ተቀብለው ገለበጧት። ዓይናቸው ቅርብ አያይም፤ በጣታቸው ነው የዳሰሱት፤ መስመር መስመሩን፣ ከዚያ ጠርዙን። አውራ ጣታቸው ከጉድጓዶቹ አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሴራሚኳን ከሌሎቹ ጋር አልደረደሩም፤ ከወንበራቸው ሥር፣ ከእግራቸው መሐል አኖሯት።

«ቀጥዪ» አሉ።

ቀጠለች። ሁለተኛይቱ ቀለለች፤ ሦስተኛይቱ ይበልጥ። አንዷ ትስባለች፣ አንዷ ትጠርጋለች፤ አቧራውን በቀሚሳቸው ጫፍ አንሥተው «እፍ» እያሉ ግድግዳው ሥር ይደረድሯቸዋል። በመሐል አሮጊቷ «አቤት ብዛቱ፤ ይሄ ልጅ ቤተ መንግሥት ሊሠራ ነበር እንዴ?» አሉ። ምራቲቱ በቁም ሳጥኑ ውስጥ ጭንቅላቷን እንደከተተች መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊዞር ሲል ከንፈሯን ነከሰች፤ እዚያው ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየች። አሮጊቷ አልቸኮሉባትም።

የደረቀው ከረጢትም ሲወጣ ሜትሩን አነሣች። የብረቱን ጫፍ ከቀኙ ግድግዳ አስደግፋ ጎተተች። በዚህ ጊዜ የሚያስቆመው አልነበረም፤ እስከ መጨረሻው ሄደ።

«ስንት ሆነ?» አሉ አሮጊቷ።

«ሰባ ሁለት።»

«አሁንማ እኔም ሳልታጠፍ እገባለሁ።»

ገጣሚው፣ የባለሱቋ ወንድም፣ እንደ እህቱ ወሬ የማያበዛ ረጅም ሰው ነው። ታንኩን አስገባ፤ ሲሊንደሮቹን ሰቀለ፤ ሲንኩን በድሪል በሳና ትንሿን ቧንቧ ተከለ። የሚደፋውን ውሃ ወደ ባልዲ የሚያወርድ ቀጭን ጎማ አበጀላቸው። «የመጀመሪያው ታንክ አይጠጣም፤ ሲሞላ ድፉት። ሁለተኛው ሲሞላ ይጠጣል» አላቸው። ዕቃውን እየሰበሰበ ቀና ሲል ግድግዳውን አየ። ዓይኑ ከሴራሚኩ ወደ ሲሚንቶው፣ ከሲሚንቶው ወለሉ ላይ ወደተደረደረው ሄደ።

«እኔ ሴራሚክም እሠራለሁ» አለ። «ይሄን ጀምሮ የተወው ባለሙያ ማነው?»

ምራቲቱ ፎጣ እየጨመቀች ነበር። እጇ ፎጣው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ባለሙያ አይደለም» አሉ አሮጊቷ። «ልጄ ነው።»

ሰውየው ድሪሉን እንደያዘ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሷን አየ። «ነፍስ ይማር» አለ። ዝም ብሎ መሄድ ከብዶት ይሆናል፣ ግድግዳውን ደግሞ አይቶ «እጁ ግን ደኅና ነበር» አለ።

«ምኑ ደኅና ነው» አሉ አሮጊቷ፤ «ጠማማ ነው እንጂ። እኔ እንኳ በዚህ ዓይኔ አየዋለሁ።»

«ቤቱ ነው የጠመመው» አለች ምራቲቱ።

ድምፅዋን ስትሰማው ለራሷም ባዕድ ሆነባት። እሱ ካለፈ ወዲህ የእሱን ቃል ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም። አሮጊቷ ዞረው አዩአት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ እየተነቃነቁ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ገጣሚው ምኑ እንዳሳቃቸው ባይገባውም አብሮ ፈገግ አለና «እንግዲህ ካስፈለጋችሁኝ እህቴ ጋ ደውሉ» ብሎ ወጣ።

ከሰዓቱን ታንኩ እስኪሞላ በመጠበቅ አሳለፉት። ከሲንኩ ሥር ውሃው ሲሄድ እንደ ሩቅ ሰው ሹክሹክታ ይሰማል። የመጀመሪያውን ደፉ። እሷ በባልዲው ውሃ ወለሉን ወለወለች፤ ሴራሚኮቹ የነበሩበትን ቦታ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከትታ፣ እስከ ግራው ግድግዳ ድረስ። አሮጊቷ ከወንበራቸው አልተነሡም። ያችን ሴራሚክ ከእግራቸው ሥር አንሥተው ጭናቸው ላይ አድርገዋታል። ይቺ ወዴት ትቀመጥ አላሉም፤ እሷም አልጠየቀችም። ግራጫው ሲሚንቶ ላይ፣ ማጣበቂያው ተበጥሮ የደረቀበት ቦታ፣ ልክ የአንድ ሴራሚክ ወርድ ያህል ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ መብራት ጠፋ። ከታች ካለው ፎቅ አንድ ሰው ተራገመ፤ የሆነ ቤት ቴሌቪዥን በዐረፍተ ነገር መሐል ዝም አለ። እሷ ሻማውን ልታመጣ ስትነሣ አሮጊቷ አስቆሟት።

«ተይው ሻማውን። ሞልቷል እንዴ ያ ነገርሽ?»

«ሳይሞላ አይቀርም።»

ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ላይ በዳበሳ አገኘችው። ጠዋት የተቀዳው ግማሽ ውሃ አሁንም ውስጡ አለ። ደፋችው። ትንሿን ቧንቧ በጨለማ ፈልጋ ከፈተች። ሞተር አላጉረመረመም፤ ምንም አላጉረመረመም፤ ውሃው ግን መጣ። በልማድ፣ ግማሽ በሚሆንበት ላይ እጇ ሊዘጋው ሄደ።

«ሙዪልኝ» አሉ አሮጊቷ ከጨለማው።

እጇን መለሰች። ብርጭቆ በጨለማ ሲቀዳ በዓይን አይታወቅም፤ በጆሮ ነው። ድምፁ ከወፍራሙ ተነሥቶ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ወደ አፉ ይወጣል። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሌላውን ሁሉ ትታ፣ ያን ድምፅ አዳመጠች።